በግራ እጅ የተቀበለ

«እኔ ከሰው እጅ ዕቃ በግራ ተቀብዬ አላውቅም!» አለ ወልደሥላሴ፣ ቀኝ እጁን ለመሐላ ያህል ከፍ አድርጎ። «ይህማ ያደግኩበትን ቤት መስደብ ነው።»

በግምገማው የተቀመጡት አሥራ አንድ ሠራተኞች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ቦንጋ ላይ ይህ ከማስረጃ ይቆጠራል። ልጅ ገና አፉን ሳይፈታ ግራ እጁን ሲዘረጋ በሚቆነጠጥበት አገር፣ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው፣ ያውም የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ከአንዲት ወጣት ፋይል በግራው ተቀበለ ማለት ራቁቱን ገበያ ወጣ እንደ ማለት ነው።

የጠፋው የአንዲት ባለጉዳይ፣ የእትዬ ጥሩሰው የመሬት ይዞታ ፋይል ነበር። ፈይሩዝ የተባለችው የኮንትራት ጸሐፊ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ድረስ ሄጄ አስረክቤአለሁ ትላለች። እሱ ደግሞ አልተቀበልኩም ይላል።

«ስልክ ያወሩ ነበር» አለች ፈይሩዝ፣ ወደ ወልደሥላሴ ዞራ። «የስልኩን እጀታ በቀኝ ይዘው፣ ፊትዎን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። ግራ እጅዎን ዘረጉልኝ። ቅር አለኝ፤ ግን ሰጠሁዎት።»

«አስፈርመሻል?» አላት ሰብሳቢው አቶ አባተ።

«ስልክ ላይ ነበሩ አልኩኮ!»

«እንግዲህ ወይ ፊርማ ወይ ፋይል። ሁለቱም ከሌለሽ ውልሽ ዛሬ ይቋረጣል።»

ወልደሥላሴ ልጅቷን አይጠላትም፤ እንዲያውም ታሳዝነዋለች። ግን ያልተቀበለውን ተቀበልኩ አይልም። ከሁለት ዓመት በፊት ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ሕንድ አገር አሳክሞታል። የሚጥለው በሽታ ከአንዱ የአንጎል ግማሽ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ሐኪሞቹ ሁለቱን የሚያገናኘውን ጅማት ቆርጠውለት፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው።

ሚስቱ በዛወርቅ ግን ሌላም ታውቃለች። ቀኝ እጁ የቆለፈውን የሸሚዝ ቁልፍ ግራው ተከትሎ ይፈታል። «ምነው ፈታኸው?» ስትለው «ሞቀኝ» ይላታል፤ በሐምሌ ዝናብ። ሆስፒታሉ ውስጥ አስተርጓሚው «ግራ እጅዎ የሚያደርገውን አፍዎ ላያውቅ ይችላል። አፍ ግን ዝም አይልም፤ ምክንያት ይፈልግለታል» ብሎት ነበር። ያን ጊዜ ከበሽታው መዳኑን ብቻ ያስብ ስለነበር ነገሩን በሳቅ አለፈው።

አቶ አባተ ቃለ ጉባኤውን ገፋ አደረገለት። «ጋሽ ወልደሥላሴ፣ እዚህ ጋ ቃልዎን ይጻፉና ይፈርሙ።»

ወልደሥላሴ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ «ፋይሉን አልተቀበልኩም» ብሎ ጻፈ። ፈይሩዝ ከወንበሯ ተነሳች። ጠረጴዛውን ዞራ በስተግራው ቆመችና፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ ሰኞ ፋይሉን እንደሰጠችው ሁሉ፣ የታጠፈ ጃንጥላዋን ወደ ጎኑ ዘረጋች። ግራ እጁ ወጣ፤ ጃንጥላውን ተቀበለ፤ ጉልበቶቹ መካከል አስቀመጠው። ቀኝ እጁ የዕለቱን ቀን ይጽፍ ነበር።

ሠራተኞቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ጋሽ ወልደሥላሴ» አለ አቶ አባተ። «ጃንጥላው የማን ነው?»

ወልደሥላሴ ቁልቁል አየ። «የእኔ ነዋ። ደመናውን አይቼ ጠዋት ከቤት ይዤው ወጣሁ።»

ጃንጥላው ሮዝ ነበር፤ ዳር ዳሩ ላይ ነጫጭ አበባ አለው።

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት የጥበቃ ሠራተኛ ጋሽ ውባየሁ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

«የእኔ ነው» አለች ፈይሩዝ። «አሁን ነው የሰጠሁዎት። ሁሉም አይቷል።»

ወልደሥላሴን ያስፈራው እጁ አልነበረም። ያስፈራው አፉ ነው። ጃንጥላውን ከቤቱ ግድግዳ ላይ ሲያነሳ፣ ደመናውን ቀና ብሎ ሲያይ፣ ሁሉም ልክ እንደሆነ ነገር ታይቶት ነበር። ማል ቢሉት ይምል ነበር። ፋይሉንም ሲክድ የማለው በዚሁ ልብ ነው። ይኸው አሁንም አፉ ሌላ ምክንያት አዘጋጅቶ፣ «የባለቤቴም እንዲህ ያለ ነው» ለማለት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ጥርሱን ገጠመ።

«ፋይሉን ተቀብለዋል ወይስ አልተቀበሉም?» አለ አቶ አባተ።

ወልደሥላሴ ግራ እጁን ገልብጦ አየ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም?»

«ግራ እጄ የሚሠራውን እኔ አላውቅም። ቀዶ ጥገናው ነው። አፌ ግን የማያውቀውን ያወራል።»

አቶ አባተ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ያስቡበት። ይህ ከተጻፈ መዝገብ ቤቱን ያስረክባሉ። ጡረታዎ ደግሞ ሦስት ዓመት ነው የቀረው። ዝም ቢሉ ይሻልዎታል፤ የልጅቷ ጉዳይ በሌላ መንገድ ይታያል።»

«በሌላ መንገድ ማለት?»

አቶ አባተ በዓይኑ ወደ ልጅቷ አመለከተ። ፈይሩዝ አሁንም በወልደሥላሴ ግራ በኩል እንደቆመች ነበር።

ወልደሥላሴ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «አልተቀበልኩም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከበላዩ «አላውቅም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ከዚያም እጁን ኪሱ ከቶ የመዝገብ ቤቱን ቁልፎች አወጣ፤ ማንም ሳይጠይቀው ቃለ ጉባኤው ላይ አስቀመጣቸው።