ግራጫ ብርድ ልብስ ላይ የተነሳው ላፕቶፕ

ፎቶዎቹ ስለ ኮምፒውተር በሚወራበት የኢንተርኔት ፎሩም ላይ የወጡት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስቱም ደብዘዝ ያሉ፣ በችኮላ የተነሱ የሚመስሉ ናቸው። የሚያሳዩት ገና ገበያ ያልወጣ ላፕቶፕ ነው፤ ብርማ፣ ከኋላው ወፈር ብሎ ወደ ፊቱ እየሳሳ የሚሄድ፣ ጠርዙ ላይ ጣት የሚያስገባ ጎድጎድ ያለ ቦታ ያለው። ከሥራቸው እንዲህ ተጽፏል፦ «ውጭ አገር ፋብሪካ የሚሠራ ወዳጄ በድብቅ አንስቶ ላከልኝ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።» የለጠፈው ሮን ነው።

ማለደ ግን መጀመሪያ ያየው ላፕቶፑን ሳይሆን የአዲናን መልስ ነው። «ሮን! እስከ ዛሬ የት ተደብቀህ ነው?»

እዚያ ፎሩም ላይ፣ ሊወጡ ያሉ ላፕቶፖችን መልክ አስቀድሞ የሚገምተው ማለደ ነበር። ማተሚያ ቤት የሠርግ መጥሪያ ሲያሰናዳ ውሎ ቤቱ ሲገባ፣ የሰማውን ወሬ ሁሉ አጠራቅሞ ይሥልና ይለጥፋል። ግምቱ አንዳንዴ ይሰምርለታል፤ ብዙውን ጊዜ አይሰምርለትም። ቢሰምርም ባይሰምርም አዲና ትመልስለታለች። አሽቀሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር የምትኖር፣ ሚኽላላ በሚሉት ኮሌጅ የዕቃ ንድፍ የምትማር ልጅ ናት። መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም እንኳ ሳይላት ያልፋል። ሥዕል ሲለጥፍ ግን «ይህችን ጥግ እንዴት አሰብካት?» ትለዋለች፤ እሱም በዚያች ጥያቄ ሳምንቱን ይገፋል።

ሮን የልጅነት ጓደኛው ነው። በአንድ ሌሊት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥተው ወደዚህ አገር የመጡ ልጆች ናቸው። ፎሩሙ ላይ ያስመዘገበውም ማለደ ራሱ ነው። ሮን እስከዚያ ረቡዕ ድረስ ከቀልድ በቀር ምንም ጽፎ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ስሙ ከሁሉም አፍ አይጠፋም።

ማለደ «ሐሰት ነው» ሊል ፈለገ። ማስረጃ ስላልነበረው «አስቀያሚ ነው» ብሎ ጻፈ። «ያ ጎድጓዳ ቦታ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ምን ይሠራል? ማጠፊያውም ይህን ክዳን አይሸከምም። ጭንቅላት ያለው ሰው እንዲህ አይነድፍም።»

«ምነው ማለደ፣ አንተ ስላልገመትከው ነው?» አለው አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

አዲና ግን ረጋ ብላ ጻፈች። «እኔ እንዲህ ያለ ጠርዝ አይቼ አላውቅም። ይህን ያሰበው ሰው ዕቃን በእጁ የሚያይ ሰው ነው። ስለ ማጠፊያው ግን ማለደ እውነቱን ነው።»

ማለደ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልብ አላለውም። «በእጁ የሚያይ» የሚለውን ግን እስኪያመው ድረስ ደጋግሞ አነበበው። እሱን እንዲህ ብላው አታውቅም። ያንን ስሙን እንኳ የማያውቀውን ባዕድ ነዳፊ፣ አጠገቡ እንደቆመ ሰው ጠላው።

በማግስቱ ማተሚያ ቤት ሲገባ ፎቶዎቹን ትልቁ ስክሪን ላይ ከፈተ። ላፕቶፑ ላይ እንከን ሲፈልግ ዓይኑ ከሥሩ የተነጠፈው ጨርቅ ላይ አረፈ። ግራጫ፣ ሻካራ፣ ጠርዙ ላይ መስመር ያለው። አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ ቡናማ ምልክት አለ፤ የካውያ ጫፍ።

የሶኽኑት ብርድ ልብስ! ሶኽኑት፣ አዲስ ገቢ የሚቀበለው ድርጅት፣ ያን ጊዜ ለመጣ ቤተሰብ ሁሉ ያደለው። ስለሚኮሰኩስ ማንም አይተኛበትም፤ ግን የሚጥለውም የለም። በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ ልብስ ይተኮስበታል። ያንን ምልክት ደግሞ ያቃጠለው ራሱ ማለደ ነው፤ ለሮን ባር ሚጽቫ፣ ለዐሥራ ሦስት ዓመት በዓሉ፣ እነ ሮን ቤት ሸሚዙን ሲተኩስ፣ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ የኳስ ጨዋታ ሲከተል።

እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም። ፎሩሙ ላይ ሊጽፍ ጀመረና ተወው። ብርድ ልብሱን ራሱን ፎቶ አንስቶ፣ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ቢለጥፈው ይሻላል። አዲና በዓይኗ ትየው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተዋሰውን ካሜራ ይዞ አቲቆት ሰፈር፣ ሮን ቤት ሄደ። በሩን የከፈቱለት የሮን እናት እትዬ ብርሃነሽ ናቸው።

«ማለደ! ጠፋህሳ ልጄ። ሰው እንዲህ ይጨክናል?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እትዬ ብርሃነሽ።»

«እናንተና ሥራችሁ! ይኸም የኔው ጉድ መተኮሻ ብርድ ልብሴን ወስዶብኝ፣ የሰንበት ልብስ አልጋ ላይ ነው የተኮስኩት። ያውም አንተ በካውያ ማኅተምህን የመታህበትን ብርድ ልብስ!»

ማለደ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

ብርድ ልብሱ የሮን ጠረጴዛ ላይ ተነጥፏል፤ ላፕቶፑም እላዩ ላይ ነው። ከቅርብ ሲያዩት ባዶ ቀፎ ነው፤ ሮን ከሚሠራበት ፋብሪካ የተረፈ የአሉሚንየም ቁራጭ፣ የአሮጌ ኮምፒውተር ቁልፎች፣ ጥቁር ፕላስቲክ። ክዳኑን ከኋላ ደግፎ ያቆመው የአርቲክ፣ የአይስክሬም፣ እንጨት ነው።

ሮን ካሜራውን አየው። «ልታጋልጠኝ መጣህ?»

«አዎ።»

«ብርድ ልብሱ ነው አይደል? ግራጫ ነው፣ ፋብሪካ ያስመስላል ብዬ ነበር፣ አኺ፣ ወንድሜ። ምልክቷን ያየኋት ከለጠፍኩት በኋላ ነው።»

«ማጠፊያው አይሸከምም ብያለሁ።»

«አይሸከምም። ያንተ ማጠፊያ ነው እኮ።»

«የኔ?»

«የምርህን ረሳኸው? ከጻቫ ተለቅቄ የወታደር ዩኒፎርሙን የመለስኩ ዕለት፣ ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ባሕሩ ዳር ተቀምጠን፣ በአርቲክ እንጨት አሸዋ ላይ ሣልክልኝ። ከኋላ የሚወፍር፣ ከፊት የሚሳሳ፣ ጣት የሚገባበት። ማዕበሉ መጥቶ ወሰደው፤ አንተም ሥቀህ ተነሣህ። ከኔ ጭንቅላት ግን አልወጣም።»

ማለደ ጣቱን ጠርዙ ላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ አስገባ። ልክክ አለ። ያኔ አሸዋው፣ ውኃው፣ የሮን ሣቅ ሁሉ ትዝ አለው። ከረቡዕ ጀምሮ ሲቀናበት የሰነበተው ሰው ራሱ ነበር።

«ታዲያ በኔ ስም ለምን አልለጠፍከውም?»

«ባንተ ስም ቢወጣ 'ቆንጆ ሥዕል' ብለው ያልፉታል። ከውጭ ሾልኮ ወጣ ስላቸው አበዱ። ነገ ማታ ሻባት ሲወጣ እውነቱን ልጽፍ ነበር። ደግሞ አዲና አንድ ቀን እንኳ የኔን ስም እንድትጽፍ ፈልጌ ነበር። ላንተማ ሁልጊዜ ትጽፍልሃለች።»

ማለደ በእሱም የሚቀና ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ቢሆንም «አሁኑኑ ጻፍ» አለ።

ሮን አጠገቡ ያለው ኮምፒውተር ላይ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። «ፎቶዎቹ ሐሰት ናቸው። ዕቃውን አሽቀሎን ውስጥ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሐሳቡ የማለደ ነው፤ አሸዋ ላይ ሥሎልኝ ነበር።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ስለዚህ 'ጭንቅላት ያለው ሰው እንዲህ አይነድፍም' ያለው ነዳፊው ራሱ ነው?» ከዚያ የሣቅ መዓት።

«ሰንበት ሊገባ ነው! ያንን ሣጥን አጥፉት!» አሉ እትዬ ብርሃነሽ ከወዲያ።

«አንድ ደቂቃ፣ እማ!»

አዲና እየጻፈች ነበር። «ማለደ፣ አሸዋ ላይ? ቆንጆ ነው።» ቀጥላም፦ «ሮን! አሉሚንየሙ ሳይሰነጠቅ እንዴት አጠፍከው? ጠርዙን በምን አለሰለስከው? ሻባት ሲወጣ መጥቼ ልዳስሰው?»

ለማለደ አንድ «ቆንጆ ነው»፣ ለሮን ሦስት ጥያቄ። ረቡዕ ዕለት ደረቱን የነከሰው ነገር ተመልሶ መጥቶ እዚያው ቦታ ነከሰው። ሮን ፈገግታውን መደበቅ አቅቶት ስክሪኑን አጠፋ።

ማለደ ጎንበስ ብሎ የአርቲኩን እንጨት መዘዘው። ክዳኑ ጧ ብሎ ወደቀ።

«ማጠፊያውን ሳላስተካክለው ለማንም እንዳታሳይ» አለ።

«ለአዲናም?»

«በተለይ ለአዲና።»