ማንም እንዳያስነሳት

ሃፊዛ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ወለተጻድቅ ልቅሶዋን ቀጥ አደረገች። ሃፊዛ አየር ጤና ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የምትሸጥ ሴት ናት። ጥቁር ፌስታል ይዛ፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ ከዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ወለተጻድቅን ያንገበገባት ይኸው ነው፤ ባሌን እንዲህ ዓይኗ እስኪያብጥ ታልቅስልኝ ብሎ ማን ላካት?

«መጣች» አለች እህቷ ጽጌማርያም አፏን በነጠላ ሸፍና።

«አይቻታለሁ።»

ሟቹ ቀለመወርቅ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እሁድ እሁድ ውሎው አሮጌ የናፍጣ መኪናው ሥር ነበር። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ምሳ ቀረበ ሲባል «መጣሁ» ይላል፣ ምሳው ይቀዘቅዛል። ዕቃ ሲጎድለው ለሃፊዛ ይደውልና ስለ አንዲት ብሎን ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። ወለተጻድቅ ምኑ ነው የሚያስቀው ስትለው «ላንቺ አይገባሽም» ይላታል። አንዷ ጣውንት ግቢዬን ይዛ ቆማለች፣ አንዷ አየር ጤና ሱቅ ከፍታለች እያለች ለጽጌማርያም ታማርር ነበር። ጽጌማርያም ትስቃለች፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

ያለፈው እሁድ፣ ለሞተሩ አየር ወደሚገፋው ተርቦ ዘይት የሚወስደው ቱቦ ተሰንጥቋል ብሎ ፈታው። አዲሱን በማግስቱ ሊገጥም ኮፈኑን ዘጋ፣ እጁን በኦሞ ታጠበ፣ ራቱን በላ። ሊተኛ ሲል «ነገ ማንም እንዳያስነሳት፤ ያለ ዘይት ከተነሳች አለቀላት» አላትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጧት ብትቀሰቅሰው አልነቃም።

የእድር ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ ሲመጡ መኪናዋ ግቢውን ሞልታለች። የሟቹ ወንድም አየለ ከግቢው ሊያወጣት ቁልፉን ይዞ ገባባት። ወለተጻድቅ ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት ደጃፉ ላይ ሆና አየችው። ተው ብትለው ይበቃ ነበር። አላለችም። እሱ ከሌለ እሷም ትለቅ አለች በልቧ። ሞተሩ ተነሳ፣ ዘይቱ በሥር ጎረፈ፣ አየለ ምንም ሳይጠረጥር ሞተሩን ሲያሞቅ ቆይቶ ወደ በሩ ነዳት። ከበሩ ሳትወጣ አንዴ ጮኻ ሞተሯ ነክሶ ቀጥ አለ። ሰው ተረባርቦ ገፋትና አጥሩ ሥር አቆማት።

አሁን ሠልስት ነው። ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ሃፊዛ መጥታ ወለተጻድቅ የተቀመጠችበት ፍራሽ አጠገብ በርከክ አለች። ከፌስታሉ ጎበጥ ያለ አዲስ ቱቦ አውጥታ ፍራሹ ላይ አኖረችው።

«እትዬ፣ ጋሽ ቀለመወርቅ ያዘዙኝ ነው። ይሄ ሳይገጠም መኪናዋን እንዳያስነሷት፣ አደራ።»

«ተነስታለች» አለች ወለተጻድቅ። «ሞተሯ ነክሷል። እንዳትነሳ ብሎኝ ነበር፤ እያየሁ ዝም አልኩ።»

ጽጌማርያም ደንግጣ አፏን ያዘች።

«ለምን?» አለች ሃፊዛ።

«የመጨረሻ ቃሉ ስለሷ ነበራ። ደህና እደሪ እንኳ አላለኝም።» ከዚያ እንቅልፍ የነሳትን ነገር ጠየቀች። «ያን ዕለት ማታ ላንቺም ደውሏል። ምን አለሽ?»

መልሱን ፈራችው። ከዚህች ሴት አፍ እሱ የተናገረው አንድ ደግ ቃል ቢወጣ፣ ከሚስቱ ድርሻ የተወሰደ ነው።

«ቱቦው ተገኘ ወይ አሉኝ። ተገኝቷል አልኳቸው። ጧት እመጣለሁ ብለው ዘጉት።» ሃፊዛ አንገቷን ደፋች። «ሌላ ነገር ብለውኝ ይሆን እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አድራለሁ። ምንም የለም።»

ወለተጻድቅ ትክ ብላ አየቻት። ለካ ትወደው ኖሯል። ለእሷ ያልሰጠውን ለዚችም አልሰጣትም። ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ ደስ አላላትም፤ ቅናቷም አልበረደም።

ሃፊዛ ዓይኗን ጠርጋ፣ እንግዲህ ለማንም ስለማይሆን ወደ ሱቅ ልመልሰው ብላ እጇን ዘረጋች። ወለተጻድቅ ቀደመቻት። ቱቦውን በቀኝ እጇ ጨብጣ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ሃፊዛ ያለችውን ያልሰማቻት መስሏት ቀስ ብላ ሳብ አደረገችው፤ ወለተጻድቅ አልለቅም አለቻት።

በዚህ መሀል ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ የመጡ ሽማግሌዎች ገቡ። እግዜር ያጽናሽ እያሉ በየተራ ጎንበስ አሉላት። ወለተጻድቅ ቱቦውን ሳትለቅ ሁሉንም በግራ እጇ ጨበጠቻቸው።