በርጫ ላይ የተሰጠ ፍርድ

እስከዚያ ሐሙስ ድረስ በከማሉዲን ቤት ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን የያዘ ነበር። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚሉት ሰፈር ያለው ሱቁ ሁለት በር አለው፤ በአንደኛው ጨርቅ፣ በሌላው ሩዝና ቅመም ይሸጣል። በጨርቁ በኩል ልጁ ኒዛር ይቀመጣል። ኒዛር ሃያ ዓመቱ ነው። ሊሴ የሚሉትን የፈረንሳይኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሷል፤ ፈረንሳይኛና ሶማሊኛ እንደ አማርኛው ያወራል፤ ከሱቁ በላይ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት የራሱ ክፍል አለው። አባቱ ከረመዳን በኋላ ድሬዳዋ ወስዶ ሊድረው፣ የጨርቁንም በር ለእሱ ሊያስረክበው ቆርጧል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2011፣ የጅቡቲ ሐሩር የጀመረበት ወር ነበር።

ያን ሐሙስ ጠዋት ኒዛር ጄሪካን በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ከፎቅ ወረደ።

"ወዴት ነው?" አለ ከማሉዲን።

"ወደ አሳል ሐይቅ። እዚያ ድንጋዩ መሃል ልኖር ነው።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን። አንድ ዓፋር የውሃ ጉድጓድ አሳይቶኛል።"

"እስከ መቼ?"

"አላውቅም አባ።"

ከማሉዲን ቀልድ መስሎት ነበር። የምሳ ሰዓት ደርሶ የልጁ ወንበር ባዶ ሲሆን ቀልድ አለመሆኑ ገባው።

ከሰዓት በኋላ እንደወትሮው ወደ ዓብዱሰመድ ማብረዝ ሄደ። ማብረዝ የጅቡቲ ሰው ምንጣፍ ዘርግቶ ትራስ ተደግፎ ጫት የሚቅምበት ክፍል ነው። የድሬዳዋና የሐረር ነጋዴዎች የዕለቱ ጫት እንደደረሰ እዚያ በርጫ ለመቀመጥ ይሰበሰባሉ። ያልተጻፈ ደንብ አላቸው፤ በምርቃና የተባለ ነገር ከደጃፉ አያልፍም። ሰው እዚያ ተቀምጦ ፎቅ ይሠራል፣ መርከብ ይገዛል፣ ከጠላቱ ጋር ይዋጋል። ሲመሽ ጫማውን አጥልቆ ሁሉንም እዚያው ትቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

"አቦ ከማል፣" አለ ዓብዱሰመድ ቅጠሉን እየቀነጠበ፣ "እኛ ከበረሃ ለመውጣት ሦስት ትውልድ ፈጀብን። የአንተ ልጅ በአንድ ቀን ተመለሰ።"

ሳቁ።

"ጥጋብ ነው፣" አለ ቅመም ነጋዴው ዓብዱረዛቅ። "የአገራችን ገጠር ልጆች ተርበው ያንን በረሃ በእግራቸው ያቋርጣሉ። የየመን ጀልባ ለመያዝ። እሱ ምን ጎድሎት ነው? ማቀዝቀዣው በረደው?"

"ልጅ ነው፣ ይለቅለታል፣" አለ ዓብዱሰመድ።

"በልመና አይለቀውም፣" አለ ዓብዱረዛቅ።

ከማሉዲን ትራሱን ገፋ አድርጎ ቀና አለ። "ስሙኝ፣" አለ። "የእኔን ዕቃ የሚጭን ሹፌር መንገድ ላይ ቢያገኘው እንዳያሳፍረው። ውሃም እንዳይሰጠው። ሲጠማው የአባቱ ቤት ይታወሰዋል።"

ማንም ተው አላለውም። ዓብዱረዛቅ እንዲያውም ጭኑን መታ አደረገለት። በደጃፉ ግን ሹፌሩ ጫላቸው ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ የመጋዘኑን ቁልፍ ይጠብቅ ነበር። ጫላቸው ወደ ታጁራ ጭነት የሚያመላልስ፣ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ጨጓራው ስለማይፈቅድለት ጫት ቀምሶ አያውቅም። ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ።

በቀጣዩ ሳምንት ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ንፋስ ተነሳ። አሸዋው በሱቁ በር ስንጥቅ እየገባ ጨርቁን ሁሉ ሸፈነው። መብራት ሲጠፋ ሰው ከግድግዳው ሙቀት ይሸሽ ጀመር። ከማሉዲን ምግብ ፊቱ ቀርቦ ይረሳዋል። አላፊ አግዳሚው ጄሪካን ይዞ ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል። "ዓፋር ያሳየው ጉድጓድ አለው" እያለ ራሱን ያጽናናል፤ ወዲያው ደግሞ "ጉድጓዱ ቢደርቅስ?" እያለ ከደጃፉ ወጥቶ መንገዱን ያያል። ለሚስቱ ለመሪማ ግን "ሲርበው ይመጣል" ይላታል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጫላቸው ከታጁራ ተመልሶ ሱቁ ገባ።

"ሐጂ፣ ልጁን ዛሬ ጠዋት አየሁት።"

"የት?"

"ወደ አሳል ከሚወርደው መገንጠያ በታች፣ መንገድ ዳር። እጁን አንስቶ ባዶ ጄሪካኑን ዘቅዝቆ ያሳየኝ ነበር።"

"አሳፈርከው?"

ጫላቸው ግራ ገባው። "እንዳሉኝ አለፍኩት።"

"እኔ? መቼ ነው ያልኩህ?"

"በማብረዙ። ውሃም እንዳይሰጠው ብለዋል።"

"እሱ የምርቃና ወሬ ነው! በርጫ ላይ የተባለ ነገር ማን ይይዛል?"

"እኔ አልቅምም ሐጂ። ያን ሁሉ ትልቅ ሰው ዝም ሲል ሳይ ፍርድ ነው ብዬ ያዝኩት።"

መሪማ ሩዝ የምትሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጠች። ድምፅዋን አላነሳችም። "ከማል፣ ውሻ እንኳ ውሃ ይከለከላል?"

ከማሉዲን ተነስቶ ጫላቸውን መኪናውን እንዲያዞር አዘዘው። ውሃ ጭነው ወጡ። ከማሉዲን ከጫላቸው ጎን ተቀመጠ። ከወዓ መንደር አልፈው ወደ ጥቁሩ ድንጋይ አገር ሲገቡ በመስኮት የሚገባው ንፋስ ፊት ይለበልባል። በመንገዱ ዳር የየመን ጀልባ ሊይዙ የሚሄዱ ወጣቶች በሰልፍ ይጓዛሉ። እንዲህ ያሉት ሱቁ ደጃፍ መጥተው ውሃ ሲለምኑት "ችግር ነው ያወጣቸው" ብሎ ያዝንላቸው ነበር። አሁን ጀርባቸውን እያየ እያንዳንዱን ኒዛር ነው ይላል። ከኋላ ሲታዩ ማን በችግር፣ ማን በጥጋብ እንደወጣ አይለይም።

ጫላቸው ያየበት ቦታ ሲደርሱ ማንም አልነበረም። ከማሉዲን ወርዶ ተጣራ። ንፋሱ ድምፁን ወሰደበት። ወደ ድንጋዩ መሃል ገብቶ ይሆን? ገብቶ ከሆነ ማን ያገኘዋል?

ትንሽ ወረድ ብሎ ሁለት ወጣቶች ድንጋይ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ወንዱ ጉዲና፣ ሴቷ ሲምቦ ይባላሉ።

"ቀጭን ልጅ አላያችሁም? ጄሪካን የያዘ?"

"ያ ፈረንሳይኛ የሚያወራው?" አለ ጉዲና። "ቀባዠረ እኮ አባቴ። ከመንገዱ ሥር ቱቦ ውስጥ አስገባነው፣ ጥላ ስላለው።"

"ውሃ ነበራችሁ?"

"ትንሽ።"

"ሰጣችሁት?"

ሲምቦን ጥያቄው ገረማት። "ጠማኝ አለና።"

ኒዛር ጎርፍ ማሳለፊያው ቱቦ ውስጥ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ ቆዳው ደርቋል፤ ላብ የለውም። ጫላቸው ደረቱ ላይ ውሃ አፈሰሰለት፤ ከማሉዲን በጣቱ እያራሰ ከንፈሩን ነካካው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጁ ዓይኑን ገለጠ።

"አባ። ጉድጓዱ ውስጥ ፍየል ሞቶ ነበር።"

"አትናገር።"

"የእኛ መኪና አለፈች። ጫላቸው አላየኝም።"

ጫላቸው ጄሪካኑን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። ከማሉዲን ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ልጁ ራሱ ማምለጫ ሰጥቶታል።

"አይቶሃል፣" አለ። "እንዳያሳፍርህ፣ ውሃም እንዳይሰጥህ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"እንድትመለስልኝ።"

ኒዛር አባቱን ትኩር ብሎ አየው። "ልመለስ እኮ ነው እጄን ያነሳሁት፣" አለ።

ከሆስፒታል በሕይወት ወጣ። በመጨረሻው ምርመራ ሐኪሙ በውሃ ጥሙ የተጎዱት ኩላሊቶቹ ከሙሉ አቅማቸው በአርባ አንድ በመቶው ብቻ እንደሚሠሩ ነገራቸው።