የአሮጌው ቤት ጣውንት

ጣውንቴ ከሞተች ቆይታለች። ስሟን አላውቅም፣ መልኳንም አላየሁም። ልኳን ግን አውቃለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የኩሽናው የድንጋይ መደብ ዳሌዬ ጋ እንኳ አይደርስም፤ ስለዚህ ክርኗ ወገቤ ላይ ነው የሚያርፈው። የኮት መስቀያው ደረቴ ጋ ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ተቀርጾ የገባው መስታወት ከአንገቴ በላይ አያሳየኝም፤ በየማለዳው ራስ የሌላት ሴት ሆኜ ጃኬቴን እቆልፋለሁ። ጨርቅ ብቻ ቢሰጠኝ፣ ለዚያች ሴት ሳልለካት ልክክ የሚልላት ቀሚስ እሰፋላት ነበር።

ሰፈራችን በሙሉ የድሮ ቤት ነው፤ የእንጨት በረንዳ፣ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ የጣሪያ ጠርዝ፣ ሁለት ሰው የማያሳልፍ ደረጃ። የእኛን ቤት የመጀመሪያው ባለቤት ሚስቱን ሊያስገባበት በገዛ እጁ ሠራው ይባላል። ባሌ አናጺ ነው፤ እንዲህ ያሉ ቤቶችን መጠገን ነው ሥራው። ይኼን ስንገዛ ግን ሁለተኛ ሚስት ያገባ ነው የመሰለው።

«እዪ እስቲ፣ ዘንጌ፣» ይለኛል የመስኮቱን ደፍ እየዳበሰ። ዘንጌ የሚለኝ ለቁመቴ ነው። «ቁጭ ብላ መንገዱን እንድታይ ዝቅ አደረገላት። እጀታው እንኳ ለእጇ እንዲቀርብ ነው የተሠራው። ይኼ ሰውዬ ሚስቱን እንዴት ቢወዳት ነው!»

እሱ ይኼን ሲል እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ወገቤ ለሁለት ሊከፈል ይደርሳል። መደቡን ከፍ አድርግልኝ ካልኩት ዓመት አልፎታል። እሺ ይላል። እሺ ማለት ለእሱ በር መዝጊያ ነው።

አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ገባ።

«የቅርስ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሐሙስ ሊመጡ ነው! ቤቱን ፎቶ አንስተው በቅርስነት ሊመዘግቡልን።»

«ከተመዘገበ በኋላስ?»

«ከዚያማ ሚስማር መምታት እንኳ በፈቃድ ነው።»

«እንግዲያው ከሐሙስ በፊት መደቡን አንሳልኝ።»

«የትኛውን? እሷ የሠራችበትን?»

«እኔ የምሠራበትን!»

ሳቀ። «ሰው ከሙት ጋር ይፎካከራል እንዴ?»

«መሞቷን የረሳኸው አንተ ነህ። እኔማ እንድትቀበር ነው የምለምንህ።»

ይብሱን ሳቀ። ትቶኝ ሲወጣ ደፉ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ደረሰ። ይቺ ሴት እዚህ ተቀምጣ፣ እግሯ መሬት ነክቶ፣ እንጨት የሚፈለፍልላትን ባሏን ስትጠብቅ ታየኝና ተነሳሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ናቸው። ጉበኑ ጋ ሲደርሱ ሳያዩት አንገታቸውን ሰበር አድርገው ገቡ።

«እዚህ ቤት ነው የተወለድኩት፣» አሉ። «ሊመዘገብ ነው ሲሉኝ አንዴ ልየው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ባሌ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ወንበር አቀረበ፤ ገና ሳይቀመጡ ደግሞ እየመራ ኩሽና አስገባቸው።

«እማማ፣ እናትዎ ይኼን መደብ እንዴት ይወዱት ነበር! አባትዎ ይኼን ሁሉ በሳቸው ልክ…»

«በማን ልክ?» አሉ አሮጊቷ።

«በእናትዎ።»

«አይ፣ አጭሩስ አባዬ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ሰፈሩ ድንክዬ ነበር የሚለው። ሜትር አልያዘ፣ ምን አልያዘ፣ ሁሉንም በራሱ ደረትና በራሱ ክርን ለካው። ‹በገዛ ቤቴ ማንም ቁልቁል አያየኝም› ይል ነበር።»

«እናትዎስ?» አለ ባሌ።

ወደ እኔ ቀና ብለው አዩ። «ልክ እንደዚች ልጅ። ቁርጥ እሷን። እዚህች መደብ ላይ አጎንብሳ አጎንብሳ ኋላ ቀና ማለት አቃታት። ሰማይ ለማየት መቀመጥ ነበረባት። ያንን መስኮት የወደደችው ለዚያ ነው።»

ደስ አለኝ። ሰው የሌላውን መጉበጥ ሰምቶ ደስ አይለውም፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። የተወደደችው ሴት አልነበረችም።

አሮጊቷን ሸኝተን ስንመለስ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ምስኪን፣» አለ። «ዕድሜዋን ሙሉ!» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣና ዲጂኖና መዶሻ ይዞ ተመለሰ። «አሁኑኑ አነሳዋለሁ።»

«ለማን?»

«እንዴት ለማን? አልሰማሽም እንዴ፣ ያቺ ሴት ወገቧ ተሰብሮ!»

የእኔ ወገብ ዓመት ሙሉ ያላነቃነቀውን ድንጋይ የሷ ወገብ ባንድ ከሰዓት ሊያነሳው ነው። አጭር ሳለች ቀናሁባት፤ ስትረዝም ባሰብኝ።

«ዲጂኖውን አስቀምጥ።»

«ምነው? ስትለምኚኝ አልነበር?»

የልብስ ሜትሬን ከአንገቴ አውልቄ ዘረጋሁለት። «መጀመሪያ እኔን ለካ።»

«ያንቺን በዓይኔ አውቀው የለ?»

«ስንት ነው?»

ሜትሩን ከእጄ ተቀበለ። ጣውላን ከመንገድ ማዶ አይቶ ርዝመቱን የሚናገር ሰው ነው።

ተንበረከከ። ሜትሩን ከተረከዜ እየሳበ ሲወጣ ጉልበቴ ጋ ቆመ።

«ይኼ ጠባሳ ከየት መጣ?»

«ያ የምትዳብሰው የመስኮት ደፍ አጋጭቶኝ ነው።»

ጣቱን ጠባሳው ላይ አሳረፈ። የመስኮቱን ደፍ እንደሚዳብሰው አልነበረም፤ እንደ ፈራ ሰው ነበር። ክርኔ ጋ ሲደርስ ለካ፣ ደግሞም ለካ፤ ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ከክርኔ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ወፍራም መስመር አሰመረ።

«ሐሙስ ሲመጡ ግን ምን እንበላቸው?» አለ ድንጋዩን በዲጂኖ እየፈነቀለ።

«የቤቷ እመቤት ልክ ነው በላቸው።»

ድንጋዩ ከቦታው ሲላቀቅ አቧራው ኩሽናውን ሞላው። አንደኛውን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ከእኛ በኋላ የምትገባው ሴት አጭር ትሁን፤ በርጩማ ላይ ወጥታ እየከተፈች ትቅናብኝ።