የሠሪው ስም

ሠራተኞቿ በሌለችበት «ሚሊሜትር» ይሏታል። የቁም ሣጥን በር በፀጉር ስፋት ያህል ከተዛባ ገና ከደጅ ስትገባ ታየዋለች፤ «ይሄ በር አኩርፏል» ትልና ታስፈታዋለች። ይህን ዐይን ከአባቷ ነው የወረሰችው። የቤት ዕቃ መሥሪያውም የአባቷ ነበር፤ እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ከመጋዙም ከመላጊያውም አብልጣ የምትሳሳለት ውርስ ግን አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። የአልጋው ራስጌ ይሄን ያህል፣ መሳቢያው ይሄን ያህል ብለው ልኩን ሲነግሩት፣ ከአንድ ሙሉ ችፑድ ላይ የቱ ከየት ቢቆረጥ ትርፍራፊው እንደሚያንስ በሥዕል ያወጣል። ሌላው ወርክሾፕ ሦስት ችፑድ የሚፈጅበትን ሥራ እነሱ በሁለት ይወጡታል። ጠዋት ፕሮግራሙ ሲከፈት መጀመሪያ አንድ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ ከታች «ሠሪ» ይልና የአባቷ ስም ከነአባቱ ይከተላል። ያንን ስም ሳታይ ሥራ የጀመረችበት ቀን የለም።

ቤተሰቡን ለሁለት የከፈለውም ይኸው ፕሮግራም ነበር። አባቷ አንድ ታናሽ ወንድም አለው፤ እሷ በልጅነቷ «ጋሽዬ» እያለች ትከሻው ላይ የምትወጣበት፣ ከእንጨት ቁራጭ መኪና የሚሠራላት አጎቷ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት አጎቷ ከወርክሾፑ ወጥቶ ቀረ። ለምን ብላ ስትጠይቅ፣ «የጭንቅላቴን ሥራ የኔ ነው ብሎ ሊነጥቀኝ ተነሣ» አላት አባቷ። «ልጄ፣ ሌባ ከውጭ ብቻ አይመጣም፤ ከጉያም ይወጣል።» አመነችው። አባቷን ካላመነች ማንን ልታምን ኖሯል?

ሁለት ዓመት ቆይቶ አጎቷ በራቸውን ሲያንኳኳ የከፈተችው እሷ ነበረች። «አባዬ ሌባ አታስገቢ ብሎኛል» አለችና በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። በአባቷ ቀብር ዕለትም ከሰው ኋላ ቆሞ ሲያለቅስ አየችው። ሄዳ በጆሮው፣ «ያንተ እንባ አያስፈልገንም» አለችው። አጎቷ ባርኔጣውን አጥልቆ ሄደ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ የወርክሾፑ ኮምፒውተር ጭስ ተፋና ጸጥ አለ። ጠጋኙ ተጠራ። ሲሠራ ብሎን በከንፈሩ ይዞ ስለሚያወራ «ብሎን» ነው የሚሉት። ከፈተው፣ አሸተተው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ነፍስ ይማር በይው። ሃርድ ዲስኩም አብሮት ሄዷል።»

በማግስቱ ከተዘጋ ቢሮ የተገኘ ሌላ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ግን ጆሮውን ማከክ ጀመረ።

«አንድ ነገር አለ። ይሄኛው የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። የናንተ ፕሮግራም ደግሞ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው።»

«እና?»

«እና አይግባቡም። ፕሮግራሙ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ አይሰማውም።»

«ዊንዶውስ ጫንበታ! ለዚህ ነው ፊትህ የጠቆረው?»

«አሁን የሚወጣው ዊንዶውስ ይከብደዋል፤ ተኝቶ ነው የሚውልብሽ። ሌላ መላ አለኝ። መሃል ገብቶ የሚያስተረጉም ነገር እጭንበታለሁ። ፕሮግራሙ ዊንዶውስ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩም የራሱን ሥራ ይሠራል። ዋይን ይባላል።»

ከመላጊያው ማሽን ጀርባ ጋሽ መዶሻ ሳቃቸውን ለቀቁት። ከአባቷ ጋር የጀመሩ አንጋፋው አናጺ ናቸው። «በጠዋቱ ወይን! እንዲያ ነው እንጂ። ኮምፒውተሩም እንደኛ ካልቀመሰ እጁ አይፈታም ማለት ነው!»

ብሎን ግን ፕሮግራሙ የተጫነበትን የመጀመሪያውን ሲዲ አምጪ አላት። ማታ ቤት ስትገባ እናቷ የትራስ ልብስ እየሰፋች ነበር።

«እማዬ፣ የአባዬ ፕሮግራም ሲዲ የት ነው የተቀመጠው?»

እናቷ ቀና አላለችም። «ምን ያደርግልሻል? አዲስ ግዢ። ዘመኑ ስንት ነገር አምጥቷል።»

«አባዬ የሠራው እያለልኝ?»

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።  ልጅቷ ሲዲውን ያገኘችው ራሷ ፈልጋ ነው፤ ከአባቷ የመሣሪያ ሣጥን ግርጌ፣ ከመላጊያ ምላጮች ሥር፣ በቡናማ ፖስታ ታሽጎ።

ብሎን ግማሽ ቀን ታገለው። መጀመሪያ ጭራሽ እምቢ አለ። ቀጥሎ ተከፈተና ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሣጥን ሆኖ መጣ። የጎደለውን የፊደል ፋይል ከሲዲው ቀድቶ ሲያስገባለት ግን ያ ሰማያዊ ገጽ ብቅ አለ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። እሷም ደስ ብሏት ልታልፈው ስትል የሆነ ነገር ጎተታት። የወንድማማቾች የአባት ስም አንድ ነውና ዐይኗ መጀመሪያ አልፎት ነበር። መልሳ አነበበችው። «ሠሪ» ካለው በኋላ የተጻፈው የአባቷ ስም አልነበረም። የአጎቷ ነበር።

«እዚህም ገብቷል!» ደሟ ፈላ። «አየህ? ሲዲው ላይ ሳይቀር ስሙን ለጥፏል፤ አባዬ ሌባ ያለው ያለ ነገር አይደለም!»

ብሎን ገጹን ዘጋና ከታች የመጣውን መልእክት አነበበላት። «ይህ ኮምፒውተር አልተመዘገበም። ይህን ቁጥር ለሠሪው ነግረው ቁልፉን ይቀበሉ» ይላል። ከዚያ ሲዲው ውስጥ ያሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ ሲያይ አንድ አጭር ጽሑፍ አገኘ። አነበበው። ወንበሩን ለቀቀላት።

«አንቺው ብታነቢው ይሻላል።»

ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንዳልከኝ አድርጌ ጨርሼዋለሁ። ኮምፒውተር እንደምትፈራ ስለማውቅ አንድ በአንድ ጽፌልሃለሁ። ለመክፈት የመጋዟ ሥዕል ላይ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ንካ። ቶሎ ቶሎ ነው ያልኩህ፤ እያሰብክ አትንካ። ልክ ስታስገባ መጋዙ የሚበላውን አትርሳ። ብትሳሳት አይፈነዳም፣ አትደንግጥ። ለሰው ከማሳየታችን በፊት ግን እንመካከር። ወንድምህ።»

ጽሑፉ ላይ ያለው ቀን አጎቷ ከወርክሾፑ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ነበር። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ፕሮግራሙን ሠራሁ ያለው ሰው፣ እንዴት እንደሚከፈት በደብዳቤ የሚነገረው ሰው ነበር።

«የድሮው ላይ የአባቴ ስም ነበር እኮ» አለች። «በየቀኑ አየው ነበር።»

«መክፈቻው ገጽ ሥዕል ብቻ ነው» አለ ብሎን፣ ዐይኗን ላለማየት ገመድ እየጠቀለለ። «ሥዕሉን በሌላ ሥዕል መተካት ብዙ አይከብድም። አባትሽ... የሆነ ሰው ተክቶታል። ውስጡን ግን አልነካውም። ውስጡን ለመንካት ማወቅ ይጠይቃል።»

የዚያን ቀን ሥራ ሳይመሽ አቋርጣ ቤት ገባች። ጽሑፉን ወረቀት ላይ አትማው ነበር፤ እናቷ ጭን ላይ አኖረችው። እናቷ ሳታነበው አወቀችው፤ መነጽር እንኳ አልፈለገችም።

«ታውቂ ነበር።»

«ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ።»

«ሙቱን አይደለም የምወቅሰው። ያለችውን ነው።»

 እናቷ ወረቀቱን እያጠፈችና እየዘረጋች ነገረቻት። አባቷ ፕሮግራሙን ኤግዚቢሽን ላይ ይዞት ሄደ። እናቷ ወንድምህስ ብትለው፣ አሞታል አላት። እዚያ ሰዎች ከበው ማን ሠራው ሲሉት «እኔ» አለ። አንዴ ከአፉ አመለጠች። በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

«ጋዜጣውን አንቺው ትምህርት ቤት ይዘሽ ሄድሽ» አለች እናቷ። «አባቴ አባቴ ስትዪ እንዴት ይመልሳት?»

«እኔን ምክንያት አታድርጊኝ! መመለሱ ቢያቅተው፣ ሌባ ያለው ለምንድን ነው?»

«ወንድሙ እውነቱን ተናገር ብሎ ሲይዘው ጊዜ... ፈራ። የፈራ ሰው ቀድሞ ይጮኻል።»

«እኔ በሩን ስዘጋበት አንቺ የት ነበርሽ?»

«ወጥ ቤት።»

«ሰምተሻል?»

እናቷ አንገቷን ደፋች። «ሰምቻለሁ።»

ልጅቷ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሊያስለቅሳት የሚገባው ብዙ ነበር፤ እንባ ግን አልመጣም። አባቷን ልትጠላው ፈለገች፤ እጇን ይዞ መጋዝ ያስተማራት ሰው ከፊቷ እየመጣ እምቢ አላት። ሞቶ ባይሆን ኖሮ ትጮኽበት ነበር። አሁን ጩኸቱን ማን ላይ ታውጣው?

አጎቷን አጠያይቃ በሦስተኛው ቀን አገኘችው። በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ኮምፒውተሮች በረድፍ በተደረደሩበት ክፍል፣ በእረፍት ሰዓት፣ ብቻውን ወንበር እያስተካከለ ነበር። ሸብቷል። ሲያያት አልደነገጠም፤ አልተጠጋትምም።

«እንደምን ዋሉ?» አለችው።

«ድሮ አንተ ነበር የምትይኝ።»

መንገዱን ሁሉ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ጠፋት። «ፕሮግራሙ... ቁልፍ ይፈልጋል» አለችና ወዲያው አፈረች። የታተመውን ደብዳቤ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። አጎቷ ቆሞ አነበበው። «አትደንግጥ» የምትለው ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«አላውቅም ነበር» አለች። «እምልልሃለሁ፣ አላውቅም ነበር።»

«ስሚኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አባቷን ብታምን አይፈረድባትም። በሩን ስትዘጊብኝ፣ ልጅ ናት ብዬ ሄድኩ። ቀብሩ ላይ ግን ልጅ አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም።»

«ወንድሜ ነበር። ቢበድለኝም ወንድሜ ነበር። አንድ እፍኝ አፈር ሳላለብሰው ነው የሄድኩት።»

 አጎቷ ስክሪኑ ላይ የመጣውን ቁጥር ጠየቃት፤ ሰጠችው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ለእሷ አልሳበላትም። ወረቀት ላይ ደምሮ አባዝቶ ስምንት አሃዝ ጻፈላት።

«ለምን አልተናገርክም?» አለችው። «ለጋዜጣው፣ ለሰው...»

«አንድ ቀን ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አሥር ዓመት ጠበቅሁት። ከዚያ መጠበቁም ሰለቸኝ።» ደወል ተደወለና ተማሪዎች እየተንጫጩ መግባት ጀመሩ። አጎቷ ብድግ አለ። «ስልኬን ጻፊው። ፕሮግራሙ እምቢ ካለሽ ደውይ።»

«ለሌላስ ጉዳይ?»

«ለሌላው ጊዜ ስጪኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን አስገባች። ፕሮግራሙ በባዕድ ቤት እንዳደገ ልጅ ሁሉን ለምዶ ሠራ። ችፑዱን ከማስቆረጧ በፊት ግን መጋዙን አስጠፋችና ሠራተኞቹን ሰበሰበች። ያገኘችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ምንም አላስቀረችም። ወጣቶቹ አፋቸውን ያዙ። ጋሽ መዶሻ ግን የለበሱትን ሽርጥ እያራገፉ መሬት መሬት ያያሉ።

«ጋሽ መዶሻ?» አለች።

«እንግዲህ ልጄ... ያኔ የነበርነው ሁሉ እናውቅ ነበር። ሲሠራውም እዚሁ ነው ያየነው፣ እዚያ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ። አባትሽ እንጀራችን ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብለን ተውነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያ ሁሉ ዓመት በስሟ ሲምሉ፣ የሚሊሜትር ስህተት አያልፋትም ሲሉ፣ በአንዲቱ ስህተት ላይ ቆማ እንደኖረች አንጋፋዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። አልጮኸችም። «መጋዙን አስነሡት» ብቻ አለች። ያን ቀን ሙሉ ከጋሽ መዶሻ ጋር የተናገረችው የልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ከእናቷም ጋር ነገሩ አልቀለለም። ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። እናቷ በሩ ላይ ትቆማለች፣ ትመለሳለች። አንድ እሑድ፣ «እስከ መቼ ነው?» አለቻት ከበር ውጭ።

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር።

«እሱስ ምን አለ? አጎትሽ?»

«ራስሽ ሄደሽ ጠይቂው።»

ሦስት ሳምንት አለፈ። በአራተኛው እናቷ ለወግ ቀን ብቻ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከክፍሏ ወጣች። ዐይኗ አብጧል። ሌሊቱን እንዳልተኛች ያስታውቃል።

«አድራሻውን ጻፊልኝ» አለች።

ልጅቷ ከደብተሯ ገንጥላ ጻፈችላት፤ የት ወርዳ የት እንደምትታጠፍም ጨመረችበት። እናቷ ወረቀቱን ተቀብላ ትንሽ ቆመች፤ አብሬሽ ልሂድ የምትላት መስሏታል። ልጅቷ አላለቻትም። በሩን ግን ከፈተችላት፤ እናቷ ቁልቁለቱን ወርዳ እስክትሰወር ድረስም ሳትዘጋው ቆየች።