ጨረቃ የሌለችበት ደብተር

ነገ ጠዋት ቆፋሪዎቹ ኖሪን የበግ እርሻ ላይ ይደርሳሉ። ድርቁ ኖሪንን ጨርሷታል፤ ገንዘቧ የሚበቃው ለአንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። ቦታውን የሚያሳዩአት ብሮንዊንና ሥራውን ያስተማራት ዴስ ናቸው። ከመሬት በታች የተቀበረ፣ ውሃ የያዘ የጥንት ወንዝ አሸዋ ከአለት ይቀላል፤ እሱ ባለበት የመሬት ስበት በጥቂቱ ይደክማል።

ያቺ ጥቂት የምትለካው በጋል ነው። የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በሴኮንድ አንድ ሴንቲሜትር ከጨመረ አንድ ጋል ይባላል። ምድር ወደ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ጋል ትስባለች፤ እነሱ የሚያሳድዱት ግን የአንዱን ጋል ሺኛ ነው። በየመለኪያ ቦታው ችካል ተክለዋል፤ ጨረቃም ከላይ ስለምትስብ መሣሪያው አንዱ ችካል ላይ ጠዋትና ከሰዓት ያው ቁጥር አይሰጥም። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ መነሻው ችካል ላይ ተመልሰው ይለካሉ። "ቁጥሩ ከተመሳሰለ ተኝተሻል ማለት ነው" እያለ ዴስ ይስቅባት ነበር።

ማክሰኞ እሷ ጎማ ልታስጠግን ከተማ ሄዳ ዴስ ብቻውን ነበር የዋለው። አሁን ደብተሩን ስታየው የመነሻው ችካል ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ከሰዓትም ያው ቁጥር ነው።

"ዴስ፣ ማክሰኞ ጨረቃ የት ሄዳ ነበር?"

ዴስ ከመኪናው ጥላ ቀና አለ። "ያ ሁሉ ችካል፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚህ ጉልበቴ! የጎን የጎኑን ችካል ቁጥር አይቼ በግምት ሞላሁት። አርባ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወንዙ እዚያው ነው።"

"ካልሆነስ?"

"አንቺ ደግሞ ነገር ታከርሪያለሽ። ማን ሊያየው ነው?"

ያኔ "የለካው" የሚለውን ዓምድ አየችና ክው አለች። ከላይ እስከ ታች የተጻፈው የእሷ ስም ነው።

"የኔን ስም?"

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ። አንድ ጊዜ ብትስቺ 'ትማራለች' ይሉሻል። እኔን ግን ብስት በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?"

ከሰው ሁሉ እሱ! አባቷን እንኳ እንደዚህ አምናው አታውቅም።

ስልኩን አንስታ ኖሪን ጋ ደወለች። "ቆፋሪዎቹን አንድ ቀን አቆዪያቸው። የማክሰኞው ልኬት ውሸት ነው።"

"የማን ልኬት?"

"ስሙ የኔ ነው። የለካሁት ግን እኔ አይደለሁም።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አለች ኖሪንና ዘጋችው።

ብሮንዊን የማክሰኞውን እንደገና ልትለካ መሣሪያውን አነሳች። ዴስ እንደ ወትሮው ሊሸከምላት እየተንገዳገደ ተነሳ።

"አትንካው!"

መነሻው ችካል ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለች። መሣሪያው በትንፋሽ እንኳ ስለሚናወጥ አልረጋ አላት። ሌላ የምታውቀው ዘዴ የለምና፣ ዴስ እንዳስተማራት ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ዋጠች።