ኦቦ ቱቦ ቤታቸው ገቡ ወይ?

«የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ የእድራችን ንብረት የሆነ፣ ቀለሙ አረንጓዴ፣ አፉ በመጠኑ የተሸረፈ አንድ የፕላስቲክ ጆግ ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ከዚህ ድንኳን ተሰውሯል። እድሩ ሁኔታውን በቅርብ እየተከታተለው ይገኛል። ያየ፣ የሰማ፣ ወይም በስህተት ውሃ እየጠጣበት ያለ ወገን ካለ በሰላም እንዲመልስ በሟች ስም እንጠይቃለን።»

የእድሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ቦጂያ ድምፅ ማጉያውን አወረዱና ድንኳኑን በዓይናቸው ዞሩት። ለሊሳ ላይ ሲደርሱ ቆየት አሉ። በጆጉ ጠርጥረውት አልነበረም። ከሟች ከዱጋሳ ጋር እንደተኳረፈ የአምቦ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቀብር ላይ ያልታየ ሰው ዛሬ መጥቶ ንፍሮ መያዙ ነው የገረማቸው።

ለሊሳም ራሱን ገርሞታል። በወንበሩ ጫፍ ተቀምጦ ንፍሮውን ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው ያገላብጣል። ሊነሣ ባሰበ ቁጥር አንዱ ሻይ እያስያዘ መልሶ ያስቀምጠዋል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል፤ ስለ ሞት የአንድ ሰዓት ትምህርት ያለ ማስታወሻ መስጠት ይችላል። ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል ግን ጠፍቶበታል።

«ለሚስቱ እኮ ገና እግዜር ያጽናሽ አላልክም» አለችው አብራው የመጣችው ባልደረባው መንበረ፣ በሹክሹክታ።

«እላለሁ።»

«ከገባን ጀምሮ እላለሁ እያልክ ነው።»

የዱጋሳ ሚስት ለንሳ ከዘመዶቿ መሀል ቀና ብላ ተቀምጣለች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም ይባላል። ሴቶቹ ይህን እንደ ሌላ በሽታ እየተንሾካሾኩ ያወሩታል።

ከለሊሳ ኋላ ደግሞ ሌላ ሹክሹክታ ነበር።

«እኔ ኦቦ ቱቦን የማውቃቸው የመንኮራኩራቸው ነዳጅ እስኪያልቅ ድረስ ነው» አሉ አዴ ሲንቄ፣ በዱጋሳ ሚኒባስ የሚመላለሱ የጊንጪ ጤፍ ነጋዴ። «ልክ ነዳጃቸው ሲያልቅ አምቦ ደረስን። ወረድኩ።»

«ነዳጅ አለቀባቸው እንዴ?» አጠገባቸው የነበረው የደንዲ ገበሬ ማኘኩን አቆመ። «እኔ ከመሀል መንገድ ነው የምሳፈረው። ስገባ አዴ ጨረር ቤት እራት ቀርቦላቸው ነበር።»

«እራት? ሰው ሚስት ጋ?»

«እግረ መንገዳቸውን ጎራ ብለው ነው፤ ዱጋሳ ነው ያለው።»

«እሱማ ወንድ ሁሉ የሚለው ነው።»

ለሊሳ አንገቱ ላይ ጉንዳን የሄደበት ይመስል ተቁነጠነጠ።

ነገሩ የጀመረው በስኳር ነው። በሰማንያ ሦስት መንግሥት የተለወጠ ሰሞን የአንድ ትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ተከፈተ። አንድ ፈረንጅ አስተማሪ በጃንሆይ ጊዜ ትቷቸው የሄደ የሕዋ ጀብዱ የሥዕል መጽሔቶች በካርቶን በካርቶን ወጥተው ወይዘሮ ካሰች ሱቅ ገቡ። ወይዘሮ ካሰች ለሥዕል ደንታ የላቸውም፤ ወረቀት ግን ይወዳሉ። ሽፋኖቹ ለመጠቅለል ስለሚያንሸራትቱ ለእሳት ማቀጣጠያ ሰጧቸው። ውስጡን እየገነጠሉ ስኳር ጠቀለሉበት።

ዱጋሳና ለሊሳ ያኔ የአንድ ክፍል ልጆች ነበሩ። የየቤታቸው ስኳር ቶሎ አልቆ ሱቅ እንዲላኩ በትጋት ሠሩ፤ በመዳፍ እየዘገኑ ላሱት። እናቶቻቸው ጉንዳን ያሳድዳሉ፤ እነሱ ገጽ ይሰበስባሉ። በአንዱ ገጽ ከሆዱ ቱቦ የተንጠለጠለበት፣ ራሱን የመስታወት ገንቦ ውስጥ የከተተ ሰውዬ በከዋክብት መሀል ቤቱን ይፈልጋል። እንዲህ ዓይነት ራስ ያለውን ሰው አንተ ማለት ከበዳቸው፤ ኦቦ ቱቦ አሏቸው። በሌላው ገጽ አንዲት ሴት ከመዳፏ ብርሃን እየረጨች የብረት ከተማ ትጠብቃለች። እሷም የእናቶቻቸው ማዕረግ ተሰጣት፤ አዴ ጨረር ተባሉ።

ገጾቹን በዱቄት ሙጫ እያጣበቁ አንድ መጽሐፍ አደረጓቸው።

«ይሄ አይያያዝም» አለ ለሊሳ፣ ያኔም እንዲሁ ነበር። «እዚህ ላይ ኦቦ ቱቦ ገደል እየወደቁ ነው። የሚቀጥለው ላይ አዴ ጨረር በር እየከፈቱ ነው።»

ዱጋሳ ከጣቱ ላይ ሙጫ ላሰ። «ለምን አይያያዝም? እየወደቁ እግረ መንገዳቸውን ጎራ ብለው ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ያልገጠመ ነገር ሁሉ በእግረ መንገድ ገጠመ።

ለሊሳ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዱጋሳ የአምቦ–ጊንጪ ሚኒባስ ያዘ። ታሪኩን ለተሳፋሪ መንገር የጀመረው ያኔ ነው፤ መናኸሪያ ሲደርስ «ቀሪው በመልስ» ይላል፣ በመልሱ የሚሳፈረው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። መስመሩ ጊንጪ ላይ ያልቃል። እሱ ግን በየጊዜው ስድስት ኪሎ በር ላይ ቆሞ ይገኛል፤ በፌስታል ቆሎ ይዞ።

«ምን እግር ጣለህ?»

«እግረ መንገዴን ነው።»

ከጊንጪ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ እግረ መንገድ የሚሆነው ወዴት ለሚሄድ ሰው እንደሆነ ለሊሳ አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም።

ለሊሳ ተመርቆ አምቦ መምህር ሆኖ ከተመለሰ በኋላ ነው፣ አዲስ አበባ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ሱቅ ሁለቱን መጽሔቶች ከነሽፋናቸው ያገኛቸው። ሁለት ናቸው። የሁለት ባላንጣ አሳታሚዎች ናቸው። የኦቦ ቱቦ መጽሔት ገዢ አጥቶ የተዘጋው ደግሞ ሰውዬው ባዶ ሰማይ ላይ እንደተንጠለጠሉ ነው። ለሊሳ ጥናት ጻፈ፦ «በተገነጠሉ የሕዋ መጽሔቶች የተፈጠረ ሐሰተኛ የጋራ ዓለም፤ የአምቦ ተሞክሮ»። በሴሚናሩ ጥቂት ሰው ተገኘ፣ አብዛኛውም ለሳምቡሳው ነው። ከዚያ መጽሔቶቹን ይዞ ዱጋሳ ቤት ሄደ።

«ተገናኝተው አያውቁም» አለው። «ጀግና ከመጽሔት ወደ መጽሔት የሚሻገረው ባለቤቶቹ ሲስማሙ ነው። እነዚህ አልተስማሙም።»

ዱጋሳ ሽፋኖቹን አገላብጦ አያቸው። «እንግዲህ እነዚህ አልተገናኙም» አለ። «የኛዎቹ ይተዋወቃሉ።»

«ማስረጃ አለኝ እኮ ነው የምልህ።»

«ማስረጃህን ይዘህ ሂድ።»

ከዚያ ወዲህ ሚኒባሱ በዩኒቨርሲቲው በር ሲያልፍ ክላክስ አያሰማም። ለሊሳም ክላክስ እንደማይጠብቅ ሰው የተማሪ ፈተና ያርማል። ዱጋሳ ታመመ ሲባል ነገ እሄዳለሁ አለ። ነገን ሲያስተላልፍ ዱጋሳ ሞተ።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ከእንጭኒ የመጣ እንግዳ ወንጌላዊ ለጸሎት ተነሣ። ሰውየው ሲገባ ጀምሮ ኦቦ ቱቦ የሚል ስም ከግራም ከቀኝም ሲሰማ ነበር፤ ነዳጅ አለቀባቸው፣ ቤታቸው አልገቡም፣ ሩቅ ናቸው። የሰማውን አገጣጥሞ ጨርሷል።

«ጌታ ሆይ፣ እህታችንን ለንሳን አጽናናት። ለቅሶ ለመድረስ ተነሥተው ነዳጅ አልቆባቸው መንገድ ላይ የቀሩትን የሟችን አጎት፣ ኦቦ ቱቦንም አስባቸው። በሰላም ለቤታቸው አብቃቸው።»

«አሜን» አለ ድንኳኑ። የአዴ ሲንቄ አሜን ከሁሉም በላይ ተሰማ።

ከዘመዶች መሀል አንድ ድምፅ አፈተለከ። ለንሳ ነበረች፤ ሳቅ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ብትጭንም አልቆመላትም። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ቆየና ሳቁ መሀል ላይ ተሰንጥቆ ለቅሶ ሆነ። ሴቶቹ ተሯሯጡ። ኦቦ ቦጂያ ድምፅ ማጉያውን አነሡ፤ የሚያውጁት ሲያጡ መልሰው አስቀመጡት።

ለሊሳ የመውጫው ጊዜ አሁን ነው ብሎ ብድግ አለ።

«ኮቱ፣ ለሊሳ» አለች ለንሳ፣ እያለቀሰች። «ና እስኪ።»

ሄዶ ፊቷ ቆመ። «እግዜር…»

«ተወው እሱን። ሆስፒታል ሳስታምመው ሁሌ ይሄንኑ የኦቦ ቱቦን ታሪክ ነበር የሚነግረኝ። አፍንጫው ላይ ቱቦውን ሲሰኩለት ‹አሁን ገና እውነተኛው ኦቦ ቱቦ ሆንኩልሽ› አለኝ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደከመው። ‹ቀሪውን ለሊሳ ያውቀዋል› ብሎኝ ተኛ።» እንባዋን በእጇ ጠረገች። «ቤታቸው ገቡ ወይ?»

ለሊሳ ጉሮሮውን ጠራረገ። ባዶውን ሰማይ፣ የተዘጋውን መጽሔት፣ ሁለቱን ባላንጣዎች ያውቃቸዋል።

«በመጀመሪያ ደረጃ…» አለ።

የደንዲው ገበሬ ወንበሩን ይዞ ተጠጋ። ለንሳ የምትጠብቀው ፊቱን እያየች ነው።

«ገብተዋል» አለ ለሊሳ።

«በምን ገቡ?» አሉ አዴ ሲንቄ ከኋላ። «ነዳጁ አልቆ የለም እንዴ?»

«አዴ ጨረር ሸኟቸው። በመዳፋቸው እያበሩላቸው፣ እስከ ደጃፉ።»

«ቱቦውስ?» አለች ለንሳ።

«በር ላይ ነቀሉት። የመስታወቱንም ገንቦ አውልቀው ውጭ አስቀመጡት። ቤት ውስጥ አያስፈልግማ። አየሩ ይበቃል።»

ለንሳ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ አልጠየቀችም። አዴ ሲንቄ «ተመስገን» አሉ፣ ዕዳ እንደወረደለት ሰው።

መንበረ ቦርሳዋን አንግታ ተጠጋችው። «አንተ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መጽሔቱ ሳያልቅ ተዘጋ፣ ሁለቱም አይተዋወቁም ብለህ ሴሚናር ያቀረብክልን አንተ አይደለህ እንዴ? ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

ለሊሳ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ቤተ ዘመድ ብቻ የሚቀመጥበት ፍራሽ ጠርዝ ላይ ለንሳ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ ተቀመጠና እግሩን አጠፈ።

«አላብራራም» አለ።